የሸማ ዳርና የጥለት ቀለም

ነጠላ ወይም ኩታ ለመግዛት ወደ ገበያ የወጣ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ጥለቱን ነው። ቀለሙ ደስ ካሰኘው መሀሉን በጣቶቹ ዳስሶ መሳሳቱንና መወፈሩን ይመረምራል፤ ከዚያም ወደ ዋጋው ይሻገራል። ሙያ ዐዋቂ ሸማኔ ግን የሌላውን ሰው ሥራ ሲመለከት ዐይኑ የሚያርፈው በዳሩ ላይ ነው። ዳሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይስበዋል፤ ሲስበውም ሠሪው የት ላይ እንደ ቸኮለ፣ የት ላይ እንደ ደከመ፣ ቀለም ሲለውጥ እጁ የት ላይ እንደ ተሳሳተ እንደ ደብዳቤ ያነበዋል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ስለ ሸማ ዳር ነው።

አማርኛን በማጥናት ላይ ለሚገኙት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ጥቅም ሲባል፣ ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ጥቂት ቃላትን እናስቀድም። በሸማኔው ፊት በቁመት ተወጥሮ የሚዘረጋው ክር ድር ይባላል። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝም ወደ ግራ እየተመላለሰ ድሩን የሚያያይዘው ክር ደግሞ ማግ ነው። ማጉ የሚጠቀለልበት ትንሽ ሸምበቆ ቀሰም፣ ቀሰሙን ተሸክሞ በድሩ መካከል የሚያልፈው ዕቃ መወርወሪያ ይባላል። ጥለት በሸማው ጫፍ በአግድም የሚገባው ባለቀለም መሥመር ሲሆን፣ ጥለቱ በጣት እየተለቀመ አበባ፣ መስቀል ወይም ሌላ ቅርጽ የወጣበት እንደሆነ ጥበብ ይሰኛል። ዳር ማለት ግን ማጉ የመጨረሻውን ድር ዞሮ የሚመለስበት የግራና የቀኝ ጠርዝ ነው።

በነጩ የሸማ ገላ ላይ ድሩም ማጉም እኩል ይታያሉ። በጥለቱ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ባለቀለሙ ማግ ወፈር ብሎ ስለሚገባና ጠበቅ ተደርጎ ስለሚመታ፣ ነጩን ድር እያለበሰ ይሸፍነዋል። ጥለቱ ቀይ ከሆነ ቀዩ ብቻ፣ አረንጓዴ ከሆነ አረንጓዴው ብቻ ይታያል እንጂ ድሩ ከሥር መኖሩ እንኳ አይታወቅም። የጥለት ውበቱ ይህ ነው፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ማጉ በበዛና በጠበቀ መጠን ዳሩን ወደ መሀል የመሳብ ኀይሉ ይበረታል፤ ቀለም በተለወጠ ቁጥርም አንድ ክር በዳሩ ላይ ያልቃል፣ ሌላም ይጀምራል። ስለዚህ ሸማኔው በነጩ ላይ ሁለት ክንድ ሲሠራ ያልገጠመው ፈተና፣ በአንድ ስንዝር ጥለት ላይ ይገጥመዋል።

ይህን ነገር በሚገባ የተረዳሁት በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር በሱዳን አገር በገዳሪፍ ከተማ ነው። ገዳሪፍ ከድንበራችን ከመተማ ዮሐንስ ማዶ ገላባትን አልፎ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በሰሊጥና በማሽላ ንግድ የታወቀች ከተማ ናት። የመተማ በር ከጥንት ጀምሮ የጎንደር ነጋዴ ከሱዳን ነጋዴ ጋር የሚገናኝበት በር ነው። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የቆሰሉትና ሕይወታቸውን ያጡት በዚሁ ስፍራ በመሆኑ፣ ከተማው ስማቸውን ይዞ ይኖራል። ጦርነት ባልነበረበት ጊዜ ግን በዚህ በር የሚያልፈው ቡና፣ ሰም፣ ጥጥና ጨርቅ ነበር። ፋብሪካ የነከረው ክር እንደ ልብ ባልተገኘበት ዘመን፣ ከውጭ አገር የመጣ ቀይ ጨርቅ እየተተረተረ ክሩ ለጥለት ይውል እንደ ነበር የታወቀ ነው። የመኳንንቱ የጃኖ ቀይ ጥለት ሲነሣ፣ ከበስተ ኋላው የነጋዴው በቅሎ ድካም እንዳለበት አንርሳ።

ሰውም በዚሁ መንገድ ተሰድዷል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁና በረኃቡ ዘመን፣ በገዳሪፍ አውራጃ የሚገኘው የኡም ራኩባ ሰፈር ከኢትዮጵያ በሄዱ ስደተኞች ተሞልቶ ነበር። ከእነርሱም መካከል ወደ እስራኤል ለመሻገር ከጎንደር ገጠር በእግራቸው የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ይገኙበት ነበር፤ እነዚህም ሽመናን፣ ብረት ሥራንና ሸክላን ከአባትና ከእናት የወረሱ ባለሙያዎች ነበሩ። ብዙዎቹም በዚያ በረኃብና በበሽታ አልቀዋል። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ኡም ራኩባ እንደ ገና ተከፈተ፤ ከ50,000 የሚበልጡ ሰዎችም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገቡ። ራኩባ በሱዳኖች ቋንቋ ከሣርና ከእንጨት የሚሠራ ዳስ ማለት ነው።

በገዳሪፍ ከተማ ዳርቻ፣ እንደዚሁ ባለ አንድ ዳስ ሥር፣ የሁለቱን ዘመን ስደት በአንድ ጉድጓድ አጠገብ አገኘሁት። ሽማግሌው ሸማኔ በ1977 ዓ.ም. ከጎንደር ገጠር የመጡ ናቸው። አጠገባቸው የተቀመጠው ጎልማሳ ልጅ በ2013 ዓ.ም. ከሑመራ አቅጣጫ የተሻገረ ሲሆን፣ ሽመና ከጀመረ ገና ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሽማግሌው ዐይናቸው ስለ ደከመ፣ ነጩን ገላ እርሳቸው ሲሠሩ፣ ዐይን የሚፈልገውን ጥለት ልጁ ይሠራ ዘንድ ተስማምተዋል። ለእርሱም የመጀመሪያ ትልቅ ሥራው በእጁ ላይ ነበር። በከተማው ገበያ ሻይ እያፈሉ ልጃቸውን ያሳደጉ አንዲት ጎንደሬ እናት፣ ለጥር ለሚሆነው ለልጃቸው ሰርግ ባለ ጥበብ ነጠላ አዘው፣ የዋጋውን እኩሌታ አስቀድመው ከፍለው ነበር።

እኔ በደረስኩ ጊዜ ግን በዳሱ ሥር ደስታ አልነበረም። ነጠላው ተጨርሶ ሊወርድ ጥቂት ሲቀረው፣ ሽማግሌው ዳሩን በጣታቸው ስበው የሆነ ነገር አግኝተዋል። ከቀርከሃ የተቆረጠች መለኪያቸውን አንሥተው በነጩ ገላ ላይ ቢያስቀምጧት ልክ ሆነች። በጥለቱ ላይ ቢያስቀምጧት ሁለት ጣት ያህል ተረፈች። ሸማው በጥለቱ ዘንድ ወገቡን እንደ ታጠቀ ሰው ጠብቧል ማለት ነው።

«እጅህ ይስባል ብዬህ ነበር!» አሉት።

«አባባ፣ ክሩ ነው እንጂ እጄ አይደለም» አለ ልጁ።

«ክር አይናገር! ሁሉ ሰው በክር ያመኻኛል።»

ልጁ መልስ ሳይሰጥ ከጉድጓዱ ወጣ። ፊቱን አይቼ፣ ወደ ሰሊጥ ዐጨዳ ለመሄድ እንደ ቈረጠ ገመትኩ፤ ወሩ የዐጨዳ ወር ነውና ጉልበት ያለው ሰው በዚያ የዕለት ምንዳ አያጣም። ሽማግሌው ግን ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ የተበላሸውን ነገር ምክንያት አንድ በአንድ ይፈልጉ ጀመር። ሲፈልጉ ያስረዱኝን ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው እጅ ነው። ማጉ በድሩ አፍ ውስጥ ቀጥ ብሎ ካለፈና እንዲያው ከተመታ ለራሱ አይበቃም። ምክንያቱም ማጉ በቀጥታ አይተኛም፤ አንዱን ድር ከላይ ሌላውን ከታች እያለ እንደ እባብ እየተጣጠፈ ይሄዳል። ለመተጣጠፊያው ትርፍ ርዝመት ያስፈልገዋል። ትርፉን ሸማኔው ካልሰጠው ከዳሩ ይበደራል፤ ዳሩም ወደ መሀል ይገባል። ብድሩ በአንድ ማግ የማይታይ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን በመቶ ማግ ሁለት ጣት ይሆናል። ስለዚህ ብልኅ ሸማኔ ማጉን ከመምታቱ በፊት፣ መሀሉ ከፍ ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ጉብታ አስመስሎ ያስተኛዋል፤ ሲመታውም ጉብታው ይወርድና ለመተጣጠፊያ ይውላል። ትርፉ ከልክ በበዛ ጊዜ ደግሞ ማጉ በመሀል ያብጣል፣ በዳሩም ላይ እንደ ጆሮ እየሆነ ይወጣል። ልኩን የሚያስተምረው መለኪያው ነው፤ በየስንዝሩ ማስቀመጥና ማየት ይገባል። ጠቦ ከተገኘ በቀስታ እየተለቀቀ ወደ ልኩ ይመለሳል እንጂ፣ በአንድ ጊዜ ቢለቅቁት ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል።

ማጉ የመጨረሻውን ድር ዞሮ ሲመለስም ድሩን ያቅፈው እንጂ አይነቀው። ብዙ ሰው መወርወሪያውን ከያዘ በኋላ፣ ዳሩ ያማረ እየመሰለው፣ ክሩን በመጨረሻ ሳብ የማድረግ ልማድ አለው። ይህ ልማድ ዳሩን ለአንድ ሰዓት አሳምሮ ለዘወትር ያበላሸዋል። ሽማግሌው እንደ ነገሩኝ፣ የዳር ድሮች ከሌሎቹ የበለጠ መፋተግ ስለሚደርስባቸው፣ ሸማኔው ድሩን ሲያደራ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ክሮች ደረብ አድርጎ ያስገባቸዋል። የተደረበ ዳር በቀላሉ አይበጠስም፤ ማጉም ሲዞረው አይሰምጥበትም።

ሁለተኛው የሚጠረጠረው፣ ልጁ እንዳለው፣ ክሩ ነው። በዛሬ ዘመን ለጥለት የሚውለው ክር ሁሉ ጥጥ አይደለም። ሐር የሚመስል አብረቅራቂ ክር አለ፤ ሱፍ የሚመስል፣ በፋብሪካ የተሠራ ለስላሳ ክርም አለ። ይህ ሁለተኛው ሲስቡት ይለጠጣል። በቀሰም ላይ ተለጥጦ ከተጠቀለለና ተለጥጦ ከተሸመነ፣ ሸማው ከዕቃው ላይ በወረደ ጊዜ ወደ ቀድሞ ልኩ እየተመለሰ ዳሩን ይጎትታል። በሥራ ላይ ሳለ ልክ የነበረው ሸማ በማግሥቱ ጠቦ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። መድኀኒቱም ቀላል ነው፤ ክሩን ከማጠንጠን በፊት በውሃ ነክሮ ማዋል፣ በጥላ ማድረቅ፣ በቀሰሙም ላይ ሳያጠብቁ መጠቅለል ነው።

መንከሩ ሌላም ጥቅም አለው። ቀለሙ የሚለቅ እንደሆነ ገና ሳይሸመን ይታወቃል። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ወስዶ ክሩን በውስጡ ጭምቅ አድርጎ መያዝና ጨርቁን መመልከት ነው፤ ጨርቁ ከቀላ ክሩ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ይታጠብ፤ ካልጠራም ለነጭ ሸማ አይሁን። እንግሊዛዊው ፐርኪን በ1856 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ቀለም ካገኘ ወዲህ፣ በዓለም ላይ የቀለም ዐይነት እንደ አሸዋ በዝቷል፤ ነገር ግን ቀለም ሁሉ በውሃ ፊት እኩል አይደለም። የሰርግ ነጠላ በመጀመሪያው እጥበት ቀዩ ወደ ነጩ ቢፈስስ፣ ያ ሸማ የነበረበት ቀን ሁሉ ይደፈርሳል።

ሽማግሌው የልጁን ክር ነክረው አዩት፤ ታጥቦ የጠራ ክር ነበር። ጨምቀው ለጠጡት፤ ጥጥ ነውና አልተለጠጠም። ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ቀለም መለወጫዎቹ ዘወር ብለው የዳሩን ሁለት ወገን ይመረምሩ ጀመር፤ እኔም ስለ ቀለም አለዋወጥ የሰማሁት በዚህ ጊዜ ነው።

አንድ ቀለም ሲያልቅና ሌላው ሲጀምር፣ ጀማሪ ሠራተኛ ሁለቱን ክር በዳሩ ላይ ይቋጥራቸዋል። ቋጠሮ በዳር ላይ ነውር ነው። ጣት ሲነካው ይጎረብጣል፤ ሲታጠብ ይፈታል፤ ሁለት ሸማ ጎን ለጎን ሲሰፋም መርፌውን ያስቸግራል። ዐዋቂው ግን ያለቀውን ክር ጫፍ በጥፍሩ አሳስቶ፣ የመጨረሻውን ድር አዙሮ፣ ወደ መጣበት ሦስት አራት ጣት ያህል መልሶ ያስገባዋል። አዲሱንም ቀለም እንዲሁ ጫፉን አሳስቶ ይጀምረዋል። ሁለቱ ጫፎች የሳሱ በመሆናቸው ሲደራረቡ አንድ ሙሉ ክር ያህላሉ፤ ውፍረትም አይታይም። ደግሞም ሁሉንም ቀለም ከአንድ ወገን መጀመር አይገባም። አንዱን ከግራ የጀመረ ሌላውን ከቀኝ ይጀምር፤ አለዚያ አንዱ ዳር በጫፍ ብዛት ይወፍራል፣ ሌላው ይሳሳል፣ ሸማውም ወደ አንድ ወገን ይዘምማል።

መሥመሮቹ ቀጫጭን ሲሆኑ፣ ለምሳሌ ሁለት ማግ ቀይ፣ ሁለት ማግ ቢጫ እየተባለ ሲሠራ፣ በየጊዜው መቁረጥ አያስፈልግም። ሥራ የፈታው ቀለም በዳሩ አጠገብ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል፤ ሌላው ማግ ሲዞር እርሱን አቅፎት ያልፋል። በዚህ ጊዜ የሁለቱ መወርወሪያ አቀማመጥ ሥርዐት ያስፈልገዋል፤ ዛሬ ቀዩ ከፊት፣ ቀጥሎ ቢጫው ከፊት እየተባለ ከተለዋወጠ፣ አንዱ ክር የመጨረሻውን ድር ሳይይዘው ያመልጣል። ያልተያዘ ድር ከዳሩ ተነጥሎ እንደ ገመድ ይንጠለጠላል። መሥመሩ ሰፊ ሲሆን ግን፣ ከአንድ ጣት በላይ በዳር እየተጎተተ የሚሄድ ክር ዳሩን ስለሚጨመድደው፣ ቢቆረጥና እንደ ገና ቢጀመር ይሻላል።

ልጁ ይህን ሁሉ እንደ ሥርዐቱ አድርጎታል። ቋጠሮ የለም፤ ጫፎቹ ተከፋፍለዋል፤ የተነጠለ ድር አልተገኘም። ሽማግሌው መለኪያቸውን ወደ ጎን አድርገው፣ ዐይናቸውን ወደ ጥለቱ አስጠግተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። በመጨረሻም፣ «አጋድሏል» አሉ። ጥለቱ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ዘንበል ብሎ ነበር። የጠበበውም የግራው ዳር ብቻ ነው፤ የቀኙ እንደ ቀለም መሥመር ቀጥ ያለ ነበር።

ነገሩ የተገለጠው በዚህ ላይ ነው። የሸማኔው እጅ ከባድ ቢሆን ሁለቱም ዳር ይጠብባል፤ ጥለቱ ግን አያጋድልም። ጥለት ሲያጋድልና አንድ ዳር ብቻ ሲላላ፣ ጥፋቱ ከእጅና ከክር ወጥቶ ወደ እንጨቱ ይሄዳል። ሽማግሌው ተነሥተው፣ ሸማው የሚጠቀለልበትን እንጨት ከግራ ወገን የሚይዘውን ካስማ በእጃቸው ነቀነቁት። ካስማው ተነቃነቀ።

የገዳሪፍ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ለማሽላና ለሰሊጥ የሚስማማ ለም መሬት ቢሆንም፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ዝናም ሲያቆም ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ እስኪያወጣ ድረስ ይደርቃል። በዚህ አፈር ላይ የሸማኔ ጉድጓድ የቈፈረ ሰው፣ መሬቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ከሥሩ እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ አለበት። ዝናሙ ካቆመ ጥቂት ሳምንት ሆኖት ስለ ነበር፣ በካስማው ሥር ስንጥቅ ተከፍቶ ካስማው ወደ ድሩ በኩል አንድ ጣት ያህል ዘምሟል። የግራው ድር በዚህ ምክንያት ላልቷል፤ የላላ ድር ደግሞ ጠንክሮ የሚሳብ ማግ ሲመጣበት አይቋቋምም፣ ወደ መሀል ይሄዳል። ነጩ ገላ የተሠራው ስንጥቁ ሳይከፈት ስለ ነበር ምንም አልሆነም።

ካስማውን የተከሉት ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው። ጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና ልጁን ጠሩት። እርሱም ከዳሱ ውጭ ሳይርቅ ቆሞ ነበርና ተመልሶ ገባ።

«ና ልጄ፣ ይህን ካስማ ነቅንቀው» አሉት።

ነቀነቀው። ወደ ሽማግሌው ቀና ብሎ ቢመለከትም ቃል አልተናገረም።

«እጅህ አይደለም፤ ክሩም አይደለም። ካስማውን የተከልኩት እኔ ነኝ። ዋልካ መሆኑን እያወቅሁ ድንጋይ ሳልጐዘጉዝ ተከልኩት።»

ልጁ ከሥራው ይልቅ ስለ ሰርጉ ተጨነቀ። ስፌት የሚያውቅ ሰው የግራውን ዳር አጥፎ ቢሰፋው የማይታወቅ መሆኑን ተናገረ። በእርግጥም ሊደበቅ ይችል ነበር። ነጠላ ሁለት ድርብ ሲሆን፣ ጋቢም አራት ድርብ ነው፤ ከአንድ በላይ ሸማ ጎን ለጎን በሚሰፋበት ልብስ ላይም ዳርና ዳር የሚገናኙት በስፌቱ ነው። ስፌት የሚሸፍነው ብዙ ነገር አለ። ነገር ግን ሽማግሌው እንዳስረዱት፣ አንዱ ሸማ ሁለት ጣት ጠቦና ጥለቱ አጋድሎ ሳለ ከሌላው ጋር ሲሰፋ፣ የአንዱ ቀይ ከሌላው ቀይ ጋር አይገናኝም። ሙሽራይቱ በትከሻዋ ላይ ስትጥለው ቀዩ መሥመር በስፌቱ ላይ ደረጃ ይሠራል። እርሷ ላታየው ትችላለች፤ ከኋላዋ የሚቆመው ሕዝብ ግን ያየዋል። ከሁሉ ይልቅ፣ ገንዘባቸውን በሻይ ብርጭቆ ያጠራቀሙት እናት ያዩታል።

ስለዚህ ፈቱት። ካስማውን ነቅለው፣ ጉድጓዱን አስፍተው፣ ጡብና ጠጠር ጐዝጕዘው እንደ ገና ተከሉት። ከዚያም ልጁ ጥለቱን ማግ በማግ ይተረትር ጀመር። የተተረተረ ክር ስለሚሰልልና ስለሚሻክር ዳግመኛ ለጥለት አይሆንም፤ አዲሱን ክር ሽማግሌው ከራሳቸው ድርሻ ገዙ። አራት ቀን ያህል ሥራ ባከነ። ልጁ ሁለተኛውን ጥለት ሲጀምር፣ ሽማግሌው አጠገቡ ተቀምጠው በየስንዝሩ መለኪያውን ያቀብሉት ነበር፤ ስለ እጁም ዳግመኛ አልተናገሩትም። እኔ ከከተማው ከመውጣቴ በፊት መለኪያው በነጩም በጥለቱም ላይ ልክ ሆኖ ሲያርፍ አይቻለሁ።

በዚያው ቀን የጎረቤት ሱዳናዊት አሮጊት ወደ ዳሱ መጥተው ሥራውን ሲመለከቱ ቆዩ። እርሳቸውም በወጣትነታቸው ሻምላ የሠሩ ናቸው። ሻምላ በምሥራቅ ሱዳን ሴቶች ከበግና ከፍየል ጠጉር የሚሠሩት ወፍራም ልብስ ሲሆን፣ ለመኝታ ይሆናል፤ በሴቶችም ዘንድ የጢስ መታጠቢያ ጊዜ ሰውነትን ለመሸፈኛ ይውላል። በእኛም አገር በመንዝ ደጋ ከበግ ጠጉር የሚሠሩት ባናና ዝተት የዚሁ ዘመዶች ናቸው። አሮጊቲቱ የአማርኛ ቃል አያውቁም ነበር፤ ነገር ግን ማንም ሳያሳያቸው ጣታቸውን በቀጥታ የላኩት ወደ ዳሩ ነው። ሳብ አድርገው አዩትና በራሳቸው ንቅናቄ አመሰገኑ። የሙያ ቋንቋ ድንበር የለውም ማለት ይህ ነው።

ከአምስት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ ገዳሪፍም ከካርቱምና ከገዚራ ለሸሹ ብዙ ሰዎች መጠጊያ ሆነች። ተሰዳጅ የነበረው ራሱ ለሌላ ተሰዳጅ ጥላ ሰጪ ሆነ። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ በዐይኔ የሚመጣብኝ ያ በጡብና በጠጠር ተጐዝጕዞ የተተከለው ካስማ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለቤተ ሰባችን የሚሆን ምን እናገኛለን? ለገዢው፦ ነጠላ ስትገዙ ጥለቱን ከማየታችሁ በፊት ሁለቱን ዳር ይዛችሁ በቁመቱ እጠፉት፤ ዳርና ዳሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከገጠመ፣ ጥለቱም በእጥፋቱ ላይ ራሱን ካገኘ፣ ሠሪው ታማኝ ነው። እርጥብ ነጭ ጨርቅም በቀለሙ ላይ አሹበት። ይህን ሁሉ አሟልቶ ያገኛችሁትን ሸማ ዋጋ አታዋርዱ፤ የምትከፍሉት ለታየው ሸማ ብቻ አይደለምና፣ ተፈትቶ እንደ ገና ለተሠራውም ጭምር ነው። ለሚሠራው፦ ጥፋት ሲገኝ አስቀድሞ በሰው እጅ ላይ አትፍረዱ፤ መለኪያውን አንሡ፣ ክሩን ንከሩ፣ ካስማውን ነቅንቁ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ፣ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። ስድቡ ቢቀር እንኳ፣ የበላይ ጥፋት በታናሹ እጅ ላይ የሚላከክበት ልማድ ግን በጉድጓዱ አፍም ሆነ በቢሮው ጠረጴዛ ላይ ገና አልጠፋም።

ለቋንቋው ተማሪ ደግሞ፣ ዳር የምትለዋ ቃል ከዚህ ቀን ጀምሮ ትታወስ። የሸማ ጠርዝ ዳር ነው፤ የአገር ጠረፍም ዳር ድንበር ይባላል። አንድን ሥራ ጀምሮ የፈጸመ ሰው ከዳር አደረሰው ይባልለታል። እርስ በርስ የተስማሙ ሰዎችም ድርና ማግ ሆኑ ይባላል። አባቶቻችን፣ «ዳሩ ሲነካ መሀሉ ዳር ይሆናል» ይሉ ነበር። ይህን የሚጠቅሱት ስለ አገር ጥበቃ ሲናገሩ ነው፤ በዚያ በገዳሪፍ ዳስ ሥር ግን ምሳሌው ከሸማኔ ጉድጓድም ሊወጣ የሚችል መስሎ ታየኝ። የላላውን ዳር በጊዜው ያላጠበቀ ሰው፣ ውሎ አድሮ መሀሉንም ሲተረትር ይገኛልና።